ቼዝ ተጫዋች ፕሮግራምና የተሳሳተ ማስታወሻው

በቼዝ ፕሮግራም ላይ ከሚያጋጥሙ ስህተቶች አስቸጋሪው ፕሮግራሙን የሚያቆመው አይደለም፤ የቆመ ፕሮግራም ችግሩ የት እንዳለ ራሱ ይጠቁማል። አስቸጋሪው፣ ፕሮግራሙ ደህና እየተጫወተ አልፎ አልፎ ብቻ የማይገባ እርምጃ እንዲመርጥ የሚያደርገው ነው። የዚህ ስህተት ዋና መደበቂያ ሃሽ ቴብል የሚባለው የፕሮግራሙ ማስታወሻ ነው።

በቼዝ በተለያየ ቅደም ተከተል ተጫውቶ አንድ ዓይነት አሰላለፍ ላይ መድረስ የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በኤም.አይ.ቲ. ማክ ሃክ የተባለውን የቼዝ ፕሮግራም የጻፈው ሪቻርድ ግሪንብላት፣ አንዴ የተመረመረ አሰላለፍ ውጤቱ ተመዝግቦ እንዲቆይና ዳግም እንዳይሰላ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው አልበርት ዞብሪስት እስከ ዛሬ የምንሠራበትን መለያ አቀረበ። 12ቱ የጠጠር ዓይነቶች በ64ቱ ቤቶች ላይ እያንዳንዳቸው የዘፈቀደ ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ በድምሩ 768 ማለት ነው። በሰሌዳው ላይ ያሉት ጠጠሮች ቁጥሮች ኤክስ-ኦር በተባለው ስሌት ሲጣመሩ የአሰላለፉ መለያ ይገኛል። ጠጠር ሲንቀሳቀስ የቀድሞ ቤቱን ቁጥር አውጥቶ የአዲሱን ማስገባት ብቻ ይበቃል። እጅግ የሚያምር ዘዴ ነው። ነገር ግን ተራው የማን እንደሆነ፣ ካስሊንግ ይፈቀድ እንደሆነና አንፓሳ መኖሩ በመለያው ካልገቡ፣ ሁለት የተለያዩ አሰላለፎች አንድ መለያ ይይዛሉ። ፕሮግራሙም የአንዱን መልስ ለሌላው ይሰጣል።

ማስታወሻውን ለመፈተን ፕሮግራም ጸሐፊዎች የሚወዱት አሰላለፍ ከኮምፒውተር ዘመን በፊት የታተመ ነው። ሩበን ፋይን እ.ኤ.አ. በ1941 ባሳተመው የፍጻሜ ጨዋታ መጽሐፍ ውስጥ ቁጥር 70 ሆኖ ይገኛል። ነጭ አራት፣ ጥቁር ሦስት ወታደሮች አሏቸው፤ ሰባቱም ተቆላልፈዋል፤ መንቀሳቀስ የሚችሉት ሁለቱ ነገሥታት ብቻ ናቸው። ስለዚህ አሰላለፎቹ ጥቂት፣ ወደ እነርሱ የሚያደርሱት መንገዶች ግን እጅግ ብዙ ናቸው። ነጭ የሚያሸንፈው ንጉሡን ከኤ1 ወደ ቢ1 በማንሳት ነው። ማስታወሻው በትክክል የሚሠራ ፕሮግራም ጥልቅ የእርምጃ ፍለጋውን በፍጥነት ጨርሶ መልሱን ያገኘዋል፤ የተበላሸበት ግን መንገድ ላይ ይቀራል።

ሌላው መፈተኛ ቆጠራ ነው። ከመነሻው አሰላለፍ ነጭና ጥቁር ሦስት ሦስት ጊዜ ሲጫወቱ በትክክል 119,060,324 መንገዶች አሉ። ማስታወሻው ተዘግቶም ተከፍቶም ይኸው ቁጥር መውጣት አለበት። በአንድ እንኳ ከተለየ ስህተት አለ።

የማት ነጥብም ብዙዎችን አድክሟል። እስከ ማት ያለው የእርምጃ ርቀት ከፍለጋው መነሻ ተቆጥሮ ከተመዘገበ፣ ሌላ ቦታ ሲነበብ ሐሰት ይሆናል፤ ፕሮግራሙም ያሸነፈውን ጨዋታ መጨረስ ያቅተዋል።

ሮበርት ሃያትና አንቶኒ ኮዚ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት ሁለት አሰላለፎች አንድ መለያ የሚይዙባቸውን ግጭቶች ሆን ብለው ፈጥረው፣ ፍለጋው ከተገመተው በላይ ስህተትን እንደሚቋቋም አሳይተዋል። ብዙዎች ይህን እንደ መጽናኛ ያነቡታል። እኔ ግን ማስጠንቀቂያ ነው እላለሁ፤ ፍለጋው ስህተቱን ከዋጠው ጨዋታ በማሸነፍ ብቻ ጤንነቱን ማረጋገጥ አይቻልምና። የቼዝ ፕሮግራም ለመጻፍ የተነሣችሁ ወጣቶች፣ ፕሮግራማችሁን ውድድር ከማስገባታችሁ በፊት ቆጠራውን አስቆጥሩት፤ ከእያንዳንዱ እርምጃ በኋላም መለያውን ከባዶ አስልታችሁ ከተመዘገበው ጋር አስተያዩ።