ሙዳይና ቶርኖ በፎገራ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አስፋልት ወረታ ላይ ሲደርስ አንዱ ቅርንጫፉ ወደ ደብረ ታቦር ይገነጠላል። ከከተማዋ እስከ ጣና የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ጥቁር አፈር ነው፤ በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሲሞሉ ውኃ ይተኛበታል። ሣርና ደንገል በደንብ ይበቅልበታል፣ ዛፍ ግን እምብዛም። ዋንዛው፣ ወይራውና ጥዱ ወደ ዳገቱና ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ ዐጸድ ሸሽቷል። እንጨትን በቶርኖ እያዞሩ ባለ ክዳን ጌጠኛ ዕቃ ማውጣት በዚህ አገር ለምን ዘገየ ቢባል፣ የመልሱ ግማሽ እዚሁ መሬቱ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ቤቱ ባለ ክዳን ዕቃ አጥቶ አያውቅማ። ሴቶቹ ስንደዶውንና አክርማውን በወስፌ እየሰፉ፣ ቀለም በተነከረ አለላ እያስጌጡ ሙዳይ ያወጣሉ፤ ፈትሉም ጌጡም እዚያ ይከተታል። ለመንገድ ስንቅ አገልግል አለ፣ ለወተት በወይራ የታጠነ ቅል፣ ለጠጅ የቀንድ ዋንጫ። ስፌት ከእምብርቱ ተነሥቶ እየዞረ ወደ ውጭ ያድጋል፤ ቶርኖ ከውጭ እየላጠ ወደ መሐል ይገባል። ሁለቱም ክብ ዕቃ ይሰጣሉ፤ አንዱ ሣር ይፈልጋል፣ ሌላው ግንድ። ፎገራ የነበረው ሣር ነው።

ሌላው ዓለም በቶርኖ ሙያ ቀድሞናል። ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ በተሠራው የግብፃዊው ጴጦሲሪስ መቃብር ግድግዳ ላይ፣ አንዱ ሰው ጠፍር እየሳበ እንጨቱን ሲያዞር ሌላው በመሮ ሲቀርጽ ይታያል። በአውሮፓ ሙያው ነገሥታቱን ሳይቀር አማልሏል፤ ታላቁ የሩሲያ ንጉሥ ጴጥሮስ በገዛ እጁ የዝሆን ጥርስ በቶርኖ ይቀርጽ ነበር። በጎንደር ያኔ የነገሡት ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ (1682–1706 እ.ኤ.አ.) ናቸው። የእኛ ዝሆን ጥርስ ግን በምጽዋና በስናር በኩል ጥሬውን ይወጣ ነበር።

ባለሙያ ጠፍቶ አይደለም። የጎንደርን አብያተ መንግሥትና አብያተ ክርስቲያናት ካነጹት ግንበኞችና አናጢዎች መካከል ቤተ እስራኤል ነበሩበት። በባለ እጆች ላይ የተጣባው ስድብ ግን ሙያቸውን የሚያስመኝ አልነበረም፤ ብረት ቀጥቃጩ «ቡዳ»፣ ቆዳ ሠሪው «ፋቂ» ይባል ነበር። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መሳደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከተማውን በእጁ የሠራን ሰው እየሰደቡ ልጁ ሙያውን ይውረስ ማለት፣ በእኔ ግምት፣ ከእንጨት እጦቱ የባሰ ጉዳት አድርሷል።

ከወረታ በስተ ምሥራቅ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት ልዩ ታሪክ አላት። ዐፄ ቴዎድሮስ በባዝል አቅራቢያ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የመጡትን ሚስዮናውያን ባለ እጆች እዚያ አሰፈሩ፤ ቴዎፍሎስ ቫልድማየርና ካርል ዛልሙለር ከእነሱ መካከል ናቸው፤ ሁለቱም የንጉሡን ወዳጅ የጆን ቤልን ሴቶች ልጆች አግብተዋል። ሊሰብኩ የመጡት ሰዎች ሠረገላ ሠሪና መድፍ አቅላጭ ሆኑ። ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በ1867 እ.ኤ.አ. የተቀለጠው እዚያ ነው። ንጉሡ ከእንግሊዝ ተጨማሪ ሠራተኛና ማሽን ቢጠይቁ ተልኮ ነበር፤ ነገር ግን ንጉሡ ባሰሯቸው አውሮፓውያን ጉዳይ ሰበብ ምጽዋ ላይ ቀረ። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ አውሮፓውያኑ ከእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር ወጡ። ዳገት ሙሉ ዋንዛና ለመማር የተሰለፉ ወጣቶች እያሉ የዚያ ሁሉ ጥበብ ፍሬ ባመዛኙ መድፍ መሆኑ ያስቆጫል።

ቶርኖ በኋላ የመጣው በትምህርት ቤት በኩል ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. በሶቭየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራን ያስተምር ነበር፤ ከወረታ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። ከዚያ በኋላ የተሽከረከረው እንጨት በየከተማው ቤት ገባ፤ የገባው ግን በአልጋና በጠረጴዛ እግር መልክ ነው።

ሜዳውም በበኩሉ ተለወጠ። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች የተሳተፉበት የሩዝ ሙከራ አድጎ ረግረጉን ወረሰው፤ ዛሬ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለው ወረታ ነው። ሩዙ በሰፋ ቁጥር የፎገራ ከብት ይግጥበት የነበረው የወል መሬት ጠበበ። የሙዳዩንም ቦታ ከሱቅ የሚመጣ ፕላስቲክ ይሻማው ጀመር።

እንግዲህ አንድ ወጣት ባለ ቶርኖ ከዋንዛ ሙዳይ ላውጣ ቢል ምን ይገጥመዋል? አዋጅ ቁጥር 94/1986 ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር፤ ግንድ ዛሬም እንደ ልብ አይገኝም። ለዚህ ሥራ ግን ግንድ አያስፈልገውም፤ ከአልጋ እግር የተረፈ ቁራጭ ይበቃዋል። ከባዱ ማድረቁ ነው። ሳይደርቅ የተቀረጸ እንጨት ሲደርቅ ክቡ ይጣመምና ክዳኑ ወይ አልገባ ይላል ወይ ይላላል። ስለዚህ መጀመሪያ በጉልህ ይላጣል፣ ጥላ ሥር ለወራት ይሰነብታል፣ ከዚያ እንደገና ቶርኖ ላይ ይወጣል። የአልጋ እግር ይህን ትዕግሥት አይጠይቅም፤ ገዢውም በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።