ራስ ፍተሻ፦ «ሪፍሌክሽን»ን በአማርኛ

በሪያድ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከኖሩባቸው ሰፈሮች አንዱ መንፉሃ ነው። እንበልና አንድ ፕሮግራመር የሠራተኞችን መዝገብ በአሠሪያቸው ሰፈር እንዲለይ ታዘዘ። በሲ ሻርፕ ቋንቋ መንገዱ «ሠራተኛ.አሠሪ.አድራሻ.ሰፈር» ይሆናል። አማርኛም በዚሁ ተራ ነው የሚናገረው፦ የሠራተኛው አሠሪ አድራሻ ሰፈር። ነጥቧ ሰዋስዋችን «ዘርፍ አያያዥ» የሚላትን የ«የ»ን ሥራ ትሠራለች። ዐረብኛ ግን ከሰፈሩ ተነሥቶ ወደ ሠራተኛው ይሄዳል፤ ግእዝም «ቤተ ክርስቲያን» ሲል እንደዚያው ቤቱን ያስቀድማል። በዚህ ነገር አማርኛ ተናጋሪው ዕድለኛ ነው።

ችግሩ የሚመጣው መንገዱ አስቀድሞ ካልታወቀ ነው። ተጠቃሚው ዛሬ በሰፈር፣ ነገ በባለ 5 አኃዙ የፖስታ ኮድ መለየት ይፈልጋል። ለእያንዳንዱ መንገድ አዲስ ፕሮግራም እየጻፉ መኖር አይቻልም። ስለዚህ መንገዱ እንደ ተራ ጽሑፍ ይገባና ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ የራሱን ዓይነቶች ይጠይቃል፦ «አሠሪ የሚባል ባሕርይ አለህ? ዓይነቱስ ምንድን ነው?» ይህ ሪፍሌክሽን ይባላል። ብራያን ካንትዌል ስሚዝ የተባለ ሊቅ በ1982 በኤም አይ ቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ሐሳቡን በስፋት አብራርቶታል።

መዝገበ ቃላት ብንገልጥ «ነጸብራቅ» እናገኛለን። አልስማማም። ነጸብራቅ የብርሃን ነው፤ እዚህ ግን የሚንጸባረቅ ነገር የለም፣ የሚፈተሽ እንጂ። «ራስ ፍተሻ» ብንለው ተማሪው ሥራውን ከስሙ ይረዳዋል።

አብሮት የሚመጣው ሪከርዥን ነው። «ድግግሞሽ» ማለት ከተራው ሉፕ ጋር ያምታታል፤ እኔ «ራስ ጠሪ» እለዋለሁ። ራስ ጠሪው ተግባር ከመንገዱ ከ«ሠራተኛ» ቀጥላ ያለችውን የመጀመሪያዋን ስም ይቆርጣል። «አሠሪ»ን ከሠራተኛው ዓይነት ላይ ፈልጎ የባሕርይ አገላለጽ (ኤክስፕሬሽን) ይሠራል፤ ቀሪውን፣ «አድራሻ.ሰፈር»ን፣ ከዚያ አገላለጽ ጋር ለራሱ መልሶ ይሰጣል። የሚቆርጠው ስም ሲያልቅ ያቆማል። ይህ ማቆሚያ ከተረሳ ተግባሩ ራሱን ሲጠራ የጥሪዎቹ ቁልል (ስታክ) ሞልቶ ፕሮግራሙ ይወድቃል። ሲ ሻርፕ በሚሠራበት በዶት ኔት መድረክ እንደ ባሕርይ አገላለጽ ያሉትን መገንባት የተቻለው ከ2007ቱ 3.5 ስሪት ጀምሮ ነው።

ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንድ ሠራተኛ ለጊዜው አሠሪ ከሌለው መንገዱ መሐል ላይ ይበጠሳል፤ ስለዚህ በየነጥቡ «ባዶ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። ራስ ፍተሻ ጊዜም ይበላል፤ የተሠራውን አገላለጽ አንዴ አጠናቅሮ ማስቀመጥ ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ግን ከተጠቃሚው የሚመጣውን መንገድ እንዳለ አትመኑ። ሰፈር የጠየቀ እጅ «ሠራተኛ.ኢቃማ» ብሎ የሰውን የመኖሪያ ፈቃድ ቁጥርም ሊጠይቅ ይችላል። የተፈቀዱትን መንገዶች በዝርዝር ያዙ፤ ከዝርዝሩ ውጭ የሆነውን ፍተሻው ሳይጀመር መልሱት።