ከግቢ ወደ ደረጃ፦ የጋራ መኖሪያ ሕንፃና ነዋሪው በአዲስ አበባ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከተማዪቱ በመኳንንቱ ሰፈሮች ዙሪያ ተተከለች። ከዚያም ወዲህ ለብዙ ዘመን ቤት ማለት ግቢ ማለት ነበር። በጠባብ የጭቃ ቤት የሚኖረው ድኻ እንኳ እግሩ መሬት ይረግጥ፣ ከደጁ በርበሬ ያሰጣ፣ ኀዘን ሲደርስበትም በሰፈሩ ውስጥ ድንኳን ይተክል ነበር።

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት አደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት ቤቶች አስተዳደር ለቀበሌ ተሰጠ፤ ኪራዩም ተቀነሰ። ይህ ለተከራዩ ታላቅ እፎይታ ነበር። ነገር ግን በዚያ አነስተኛ ገቢ ቤቱን ማደስ ስላልተቻለ፣ ጣራው እየዛገ፣ ግድግዳው እየተሸረሸረ ብዙ ሰፈር ለኑሮ የማይመች ሆነ።

ለችግሩ የተገኘው መልስ የጋራ ሕንፃ ነበር። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ በ1995 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ፣ በገርጂ የተሠራው የሙከራ ግንባታ ለሰፊው ፕሮግራም መንገድ ከፈተ። በ1997 ዓ.ም. ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ፤ ቤቱም በዕጣ ታደለ፤ ከዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች ተለየ። የብዙዎቹ ሕንፃዎች ከፍታ ከመሬት በላይ አራት ፎቅ ሲሆን ሊፍት የላቸውም።

የነዋሪው ልምድ ሁለት ገጽ አለው። በአንድ በኩል፣ ለብዙ ቤተሰቦች የራስ መጸዳጃና የራስ ማድ ቤት የመጀመሪያቸው ነበር። ዕጣ የወጣላት እናት በስሟ የተመዘገበ ንብረት አገኘች። በሌላ በኩል፣ ቧንቧው ሲደርቅ ጄሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ መውጣት ግድ ይሆናል። ለአዛውንትና ለነፍሰ ጡር ደረጃው የየዕለት ፈተና ነው። ከነባር ሰፈር ወደ ከተማው ዳር የተዛወረውም ዕድሩን፣ ዕቁቡንና የቡና ጎረቤቱን ትቶ ሄዷል። ወርኃዊ ክፍያው ከአቅማቸው በላይ ሆኖባቸው ቤታቸውን አከራይተው ራሳቸው በርካሽ ቤት የተጠለሉም አሉ።

ንድፍ አውጪዎቹ የአገሩን ኑሮ ፈጽመው አልዘነጉም። ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለእርድ የሚያገለግል የጋራ ቤት ከሕንፃዎቹ ጎን ሠርተዋል። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ሆኖም ከላይኛው ፎቅ ሊጥ ይዞ መውረድ የሚያስቸግራት ባልትና በጠባቧ ማድ ቤት መጋገርን ትመርጣለች። ስለዚህ በአንዳንድ መንደር የጋራው ቤት ለሌላ አገልግሎት ውሏል።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ጥገና ነው። የየክፍሉ ባለቤት ይታወቃል፤ የጣራው፣ የደረጃውና የፍሳሽ መስመሩ ባለቤት ግን ሁሉም ነው። ሁሉም ያልተስማማበት ደግሞ የማንም አይሆንም። ማኅበሩ ለማደሻ የሚሆን መዋጮ ካልሰበሰበ፣ የቀበሌ ቤቶች ያዩት ዕጣ በፎቅም ይደገማል።

በ2005 ዓ.ም. ምዝገባው የተጀመረው የ40/60 ፕሮግራም ሕንፃዎቹን ይበልጥ ከፍ አድርጓቸዋል። ሕንፃ ከፍ ባለ ቍጥር የጋራ ወጪውም ከፍ ይላል፤ ሊፍትና የውኃ መግፊያ ሞተር በየጊዜው አሳቢ ይሻሉ። እንግዲህ እኛ ባለሙያዎች ቁልፍ ርክክብን የሥራችን ፍጻሜ አድርገን መቍጠር አይገባንም። ለነዋሪው ኑሮ የሚጀምረው ያን ዕለት ነውና፣ ጥገናውና የነዋሪዎቹ ማኅበር ከንድፉ ጋር አብረው ሊታሰቡ ይገባል።