ሐይቅ እስጢፋኖስ፦ ወንጌሉና ገድሉ ሲመዛዘኑ

ከሲሪንቃ በመርሳ፣ በውርጌሳና በውጫሌ በኩል ወደ ደሴ የሚወስደው አስፋልት፣ ደሴ ለመድረስ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ሐይቅ ከተማ ያደርሳል። ከከተማዋ ፈቀቅ ብሎ የሚገኘው የደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዛሬ በእግር የሚገባበት ባሕረ ገብ ምድር ቢሆንም፣ የቀደሙት ምንጮች ደሴት ነው ይሉታል፤ በ1520ዎቹ (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን) በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም መነኮሳቱ በደንገል ታንኳ እንደሚመላለሱ፣ ሎሚና ብርቱካን እንደሚያለሙ ጽፏል። ሴቶች ዛሬም ከበሩ አያልፉም።

ትውፊቱ የገዳሙን ምሥረታ ወደ 9ኛው መቶ ዓመት፣ ወደ ንጉሥ ድልናዖድ ዘመን ይወስደዋል። ይህን የሚነግሩን ጽሑፎች ግን ከዘመኑ እጅግ የዘገዩ ናቸውና በትውፊትነታቸው እንቀበላቸዋለን እንጂ ማስረጃ አናደርጋቸውም። እግራችን ጠንከር ያለ መሬት የሚረግጠው፣ የደብረ ዳሞው አባ ዮሐኒ ደቀ መዝሙር ኢየሱስ ሞዓ በ1248 ገደማ ወደ ሐይቅ ከመጣ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዋነኛ ክርክር የ1270 ነገር ነው። ይኩኖ አምላክ የዛጉዌን መንግሥት ገልብጦ ሲነግሥ ከጎኑ የቆመው መነኩሴ ማን ነበር? በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የተጻፈው ገድለ ኢየሱስ ሞዓ ክብሩን ለራሱ ጻድቅ ይሰጣል፤ የሐይቅ አበምኔት በቤተ መንግሥት ይይዘው የነበረውን የዐቃቤ ሰዓትነት ማዕረግም ጻድቁና ንጉሡ ከገቡት ቃል ኪዳን ያመነጨዋል። ብዕለ ነገሥት የተባለው ጽሑፍና ተከታዮቹ ደግሞ ባለውለታው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው፣ የአገሪቱ ሲሶ ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠውም በእርሳቸው ምክንያት ነው ይላሉ። ሁለቱም ከድርጊቱ ርቀው የተጻፉ፣ ሁለቱም ለየገዳማቸው የሚከራከሩ ናቸው።

ስለዚህ ለዘመኑ ወደሚቀርበው ምስክር እንመለሳለን፤ ይኸውም ኢየሱስ ሞዓ በ1280/81 ለገዳሙ እንዳጻፈው የሚነገርለት የብራና ወንጌል ነው። በባዶ ገጾቹ የገዳሙ ሰዎች ስጦታንና ርስትን ሲመዘግቡ ኖረዋል፤ ቅዱስ መጽሐፍ መዝገብ ቤትም ነበረና። ኢየሱስ ሞዓ ራሱ በዚሁ መጽሐፍ ተሥሎ ይታያል። ሥዕሉ ግን ምስክርነቱን ያወሳስበዋል፤ አንድ መነኩሴ በሕይወት ሳለ እንደ ጻድቅ ተሣለ ብለን እንመን፣ ወይስ በ1292 ገደማ ካረፈ በኋላ ደቀ መዛሙርቱ ቅድስናውን ሊያጸኑ ጨመሩት እንበል? እኛ ወደ ሁለተኛው እናደላለን። ያም ሆኖ ወንጌሉ ሐይቅ ለአዲሱ ሥርወ መንግሥት ቅርብ እንደነበረ ከገድላቱ ይልቅ በታማኝነት ያሳየናል፤ ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራትም በ1972 ባሳተሙት ጥናታቸው ሚዛኑን ወደ ኢየሱስ ሞዓ ማድላታቸው አላስገረመንም።

ተክለ ሃይማኖት በሐይቅ ተምረዋል፤ በዚህ ላይ ሁለቱም ወገን ይስማማል። ማን የማን አባት ነው ሲባል ግን ነገሩ ይከርራል። የተክለ ሃይማኖት ገዳም የደብረ ሊባኖስ የምንኩስና ትውልድ አቆጣጠር፣ ተክለ ሃይማኖት ቀሚስና ቅናት ከኢየሱስ ሞዓ፣ ቆብና አስኬማ ግን ከደብረ ዳሞው ዮሐኒ ተቀበሉ፤ በኋላም ለቀድሞ መምህራቸው ቆቡንና አስኬማውን እርሳቸው አለበሱት ይላል። ደቀ መዝሙሩ እንዲህ የመምህሩ አባት ይሆናል። ሐሳቡ ብልሃት የተሞላበት ነው፤ የኢየሱስ ሞዓን መምህርነት ሳይክድ ቀዳሚነቱን ይወስድበታል።

በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ዐቃቤ ሰዓት አምኃ ጽዮን ከንጉሡ እጅግ ቅርብ ከሆኑት ሰዎች አንዱ ስለነበሩ፣ የሐይቅ ክብር እስከዚያ አልተነካም ማለት ነው። በ1530ዎቹ መጀመሪያ የአዳሉ ኢማም አሕመድ ሠራዊት ወሎን ሲይዝ ግን ገዳሙ ተደፈረ። የኢማሙ ታሪክ ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ እንደሚተርከው፣ ሠራዊቱ መሻገሪያ ሠርቶ ደሴቱን ካስጨነቀ በኋላ መነኮሳቱ ሀብቱን አስረከቡ። ጸሐፊው የአሸናፊው ወገን ነውና ምርኮውን ማጋነኑ አይቀርም፤ ወንጌሉ ከዚያ ጥፋት መትረፉ ግን ሁሉም እንዳልተወሰደ ያስረዳል።

ከጦርነቱ በኋላ ቤተ መንግሥቱ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲያዘነብል ከነገሥታቱ ጋር የሄደው የደብረ ሊባኖሱ አበምኔት እጨጌው እንጂ የሐይቁ ዐቃቤ ሰዓት አልነበረም። የ1270ው ታሪክም በጎንደር ዘመን በይበልጥ የተነገረው በደብረ ሊባኖስ አንደበት ሆነ።