የአንድ ሺህ ዶላር ቦንድና የእናት እምቢታ

ታሪክ ስለሠራች ሴት ጻፊ ስባል ብዙዎቻችሁ ንግሥት ወይም አርበኛ እመርጣለሁ ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። እኔ የመረጥኩት የኦፔራ ዘፋኝ ነው። ኦፔራ ታሪኩ በአብዛኛው በዜማ የሚተረክበት ቴአትር ነው። ዘፋኞቹ ማይክሮፎን አይዙም፤ ድምፃቸው ከመላው ኦርኬስትራ በላይ ተሰምቶ የመጨረሻው ወንበር ድረስ መድረስ አለበት። ከሴቶች ድምፅ ከፍ ያለው ሶፕራኖ፣ ዝቅ ያለው ኮንትራልቶ፣ የመሃሉ ደግሞ ሜዞ ሶፕራኖ ይባላል። የምትፈቀረዋን ልጅ ብዙ ጊዜ የምትጫወተው ሶፕራኖዋ ናት። ለሜዞዋ የሚተርፋት ተቀናቃኟን ወይም እናቷን መሆን ነው።

ግሬስ ባምብሪ ሜዞ ሶፕራኖ ነበረች። እ.ኤ.አ. ጥር 4 ቀን 1937 በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ ሴንት ሉዊስ ከተማ ተወለደች። አባቷ በባቡር ድርጅት ጭነት የሚያነሱ ሠራተኛ፣ እናቷ መምህርት ነበሩ። ጥቁር ቤተሰብ ናቸው። ልጅቷ ያደገችው በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ሲሆን አርአያዋም ታላቋ ጥቁር ኮንትራልቶ ማሪያን አንደርሰን ነበረች።

አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆናት የከተማው ሬዲዮ ጣቢያ ባዘጋጀው የወጣቶች ውድድር አንደኛ ወጣች። ሽልማቱ ሦስት ነገር ነበር፦ የአንድ ሺህ ዶላር ቦንድ፣ ወደ ኒው ዮርክ ጉዞ፣ እንዲሁም በከተማው የሙዚቃ ተቋም ነፃ የትምህርት ዕድል። ቦንዱና ጉዞው ችግር አልነበረባቸውም። ተቋሙ ግን ጥቁር ተማሪ አልቀበልም አለ። ጊዜው 1954 ነው፤ በዚያው ዓመት የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆችን በዘር መለየት ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል ብሎ ወስኗል። ተቋሙ ግን የግል ነበር።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ይህን ቦታ ቶሎ ማለፍ አልቻልኩም። በመዝገብ ላይ ተሰብሳቢ የሚባል ሒሳብ አለ፤ ገንዘቡ ያንተ ነው ይባላል፣ እጅ ላይ ግን የለም። የግሬስ ሽልማትም እንደዚያ ሆነ። ከዚያ ተቋሙ ማስታረቂያ አመጣ፤ ከነጮቹ ተማሪዎች ጋር ሳትቀላቀል ለብቻዋ እናስተምራት አለ። እናቷ እምቢ አሉ።

እስቲ አስቡት። የባቡር ጭነት ሠራተኛና የመምህርት ደመወዝ ባለበት ቤት፣ ነፃ ትምህርት በር ድረስ መጥቶ እናት «አይሆንም» ሲሉ። እኔ ዲፕሎማዬን በማታ ስማር ቅሬታዬን ዋጥ አድርጌ የተቀበልኳቸው ነገሮች አሉ፤ ሌላ ምርጫ አልታየኝም ነበር። ስለዚህ በእሳቸው ቦታ ብሆን እምቢ እል ነበር ብዬ አልዋሽም። ምናልባት «ተማሪ ልጄ፣ ዕውቀቱን ብቻ ይዘሽ ውጪ» እል ነበር። እሳቸው ግን ልጃቸው በጓሮ በር ገብታ እንድትማር አልፈለጉም። እምቢ ሲሉም ሌላ በር እንደሚከፈት የሚያውቁት ነገር አልነበረም።

ያፈሩት የሬዲዮ ጣቢያው ሰዎች በመላ አገሪቱ በሚታይ የአርተር ጎድፍሬይ የተሰጥኦ ፕሮግራም ላይ እንድትቀርብ አደረጉ። በዚያ የቨርዲን ከባድ ዜማ ዘፈነች። የዩኒቨርሲቲ ዕድል ተከተለ፤ መጀመሪያ ቦስተን፣ ቀጥሎ ኖርዝዌስተርን። እዚያ ሎተ ሌማን የተባለች ስመ ጥር ጀርመናዊት ሶፕራኖ አገኘቻትና ካሊፎርኒያ ወስዳ አስተማረቻት።

በ1960 በፓሪስ ኦፔራ «አይዳ» ላይ አምኔሪስን ሆና መድረክ ወጣች። አይዳ በምርኮ ግብፅ የተወሰደች ኢትዮጵያዊት ልዕልት መሆኗን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ አምኔሪስ ደግሞ ያንኑ ወንድ የምትወድ የፈርዖን ልጅ ናት። አይዳ ሶፕራኖ፣ አምኔሪስ ሜዞ።

በ1961 ክረምት፣ በ24 ዓመቷ፣ የአቀናባሪው ዋግነር የልጅ ልጅ ቪላንድ ዋግነር በጀርመን ባይሮይት ፌስቲቫል ቬነስን እንድትጫወት መረጣት። ባይሮይት ሂትለር ይመላለስበት የነበረ መድረክ ነው፤ እሷ እዚያ የዘፈነች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሆነች። የተቃውሞ ደብዳቤ ጎረፈ፣ ጋዜጦችም ተንጫጩ። ቪላንድ አልተመለሰም። ትርዒቱ ሲያልቅ ጭብጨባው ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየ፤ ተዋንያኑም ለሰላምታ 42 ጊዜ ወደ መድረክ ተጠሩ። በ1962 ዣክሊን ኬኔዲ በዋይት ሐውስ እንድትዘፍን ጋበዘቻት። ሶል ሁሮክ የተባለው ታዋቂ የኮንሰርት አዘጋጅ ለአምስት ዓመት የ250 ሺህ ዶላር ውል አስፈረማት። አካፍዬ አየሁት፤ በዓመት 50 ሺህ ዶላር፣ በዚያን ዘመን ገንዘብ።

በለንደን በ1963፣ በኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን በ1965 ከቀረበች በኋላ፣ ሁሉ በሜዞነቷ ሲያጨበጭብላት፣ ወደ ሶፕራኖ ድርሻዎች መሻገር ጀመረች። በ1970 ለንደን ላይ ሳሎሜን ዘፈነች። ድምፅዋን ታበላሻለች ያሉ ብዙ ነበሩ። አንዳንዱ ከፍተኛ ዜማ እንደከበዳት የሚናገሩ አሉ፤ እኔ ለመፍረድ ጆሮዬ አልሠለጠነም። ግን አምኔሪስንም አይዳንም፣ ማለትም የፈርዖንን ልጅም የኢትዮጵያን ልዕልትም በመድረክ ሆና የኖረች ዘፋኝ ማግኘት ብርቅ ነው። በ1982 ደግሞ ጋዜጠኞች ተቀናቃኟ ያደርጓት ከነበረችው ሸርሊ ቬሬት ጋር ለማሪያን አንደርሰን ልደት በካርኔጊ አዳራሽ አብረው ዘፈኑ።

ከሽልማቶቿ መካከል በ2009 የተሰጣት የኬኔዲ ማዕከል ክብር ይገኛል። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 29 ቀን 2015 ዓ.ም. በቪየና፣ በ86 ዓመቷ አረፈች።

ድምፅዋን መስማት የምትፈልጉ፣ ቢርጊት ኒልሰን አይዳ፣ እሷ አምኔሪስ ሆነው የዘፈኑበትን፣ ዙቢን ሜታ የመራውን የ1967 ቅጂ ፈልጉ። አራተኛው ክፍል ላይ ካህናቱ በምትወደው ሰው ላይ ሞት ሲፈርዱ አምኔሪስ ደጅ ቆማ ትረግማቸዋለች። እኔ የወር ሒሳብ ስዘጋ ነው የማዳምጠው፤ እዚያ ቦታ ሲደርስ እስክሪብቶዬን አስቀምጣለሁ።