የሙዚቃ መሣሪያ አምባሳደርነት ውል፦ የካምፓላ ሙዚቀኞች ከመፈረማቸው በፊት ሊያጤኗቸው የሚገቡ ነጥቦች

የሙዚቃ መሣሪያ አምራቾች ከሙዚቀኞች ጋር የሚገቡት የአምባሳደርነት ውል ከሩቅ ሲታይ ስጦታ ይመስላል። ኩባንያው ጊታር፣ ኪቦርድ ወይም ማይክሮፎን ይሰጣል፤ ሙዚቀኛው ደግሞ በመድረክ ላይ ይዞት ይታያል። በተግባር ግን ስምምነቱ ንግድ ነው። ሙዚቀኛው በስሙ፣ በምስሉ እና መሣሪያውን እንደ ልቡ በመምረጥ ነፃነቱ ይከፍላል።

በኡጋንዳ ዋና ከተማ ካምፓላ ይህ ሒሳብ ይበልጥ ይከብዳል። ታዋቂ ድምፃውያን ከቴሌኮም እና ከመጠጥ ኩባንያዎች ጋር መሥራታቸው የተለመደ ነው። የታላላቆቹ መሣሪያ አምራቾች ዋና መሥሪያ ቤቶች የሚገኙት ግን በአሜሪካ፣ በጃፓን እና በአውሮፓ ነው። የማጓጓዣ፣ የቀረጥና የጥገና ወጪ ብዙ ጊዜ በሙዚቀኛው ትከሻ ላይ ይወድቃል።

ስምምነቶቹ ምን ዓይነት ናቸው?

በስፋት የሚታየው የቅናሽ ውል ነው፤ ሙዚቀኛው መሣሪያውን ከገበያ ዋጋ ባነሰ ይገዛል። ሁለተኛው የውሰት ውል ሲሆን የዕቃው ባለቤት ኩባንያው ሆኖ ይቀጥላል። ሦስተኛው መሣሪያውን በነፃ የሚያስገኝ ነው። በመጨረሻው እርከን ላይ በሙዚቀኛው ስም የሚሠራ ሞዴል ይገኛል፤ ከእያንዳንዱ ሽያጭም ድርሻ ይታሰብለታል።

በዚህ የመጨረሻው ዘርፍ ስመ ጥር የሆነው የአሜሪካዊው ጊታሪስት የሌስ ፖል ታሪክ ነው። ጊብሰን የተባለው ኩባንያ ስሙን የያዘውን የኤሌክትሪክ ጊታር እአአ በ1952 ለገበያ አቀረበ። በ1961 ኩባንያው የጊታሩን ቅርፅ ለወጠ፤ ሙዚቀኛው አዲሱን ቅርፅ አልወደደውም። ከጥቂት ጊዜ በኋላም ስሙ ከጊታሩ ላይ ተነሳ፤ ሞዴሉም ኤስጂ ተባለ። ነባሩ ቅርፅ ከነስሙ ወደ ገበያ የተመለሰው በ1968 ነው። ዕቃው ቢለወጥ ወይም ውሉ ቢያበቃ የሙዚቀኛው ስም ምን እንደሚሆን አስቀድሞ መጻፍ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከመምረጥ በፊት

የመጀመሪያው መመዘኛ ቀላል ነው፦ ሙዚቀኛው ያለ ውል በራሱ ገንዘብ ይገዛው ነበር? አብዛኞቹ ውሎች የሚቆዩት ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ነው። እአአ በ1975 የተመሠረተው አፍሪጎ ባንድ ግን በካምፓላ ለአሥርት ዓመታት ዘልቋል። ባንድን የሚያስታውሰው ሕዝብ የሚያስታውሰው ድምፁን ነው።

ቀጥሎ ወጪው ይሰላል። በኡጋንዳ የተጨማሪ እሴት ታክስ 18 በመቶ ሲሆን፣ እንደ ዕቃው ዓይነትም የጉምሩክ ቀረጥ ይጨመራል። ዕቃው በነፃ ተላከ ማለት ከቀረጥ ነፃ ገባ ማለት አይደለም። የኤሌክትሪክ ኃይሉም ይታሰባል፦ የአገሪቱ መስመር 240 ቮልት ነው፤ ለአሜሪካ ገበያ ብቻ የተሠራ አምፕሊፋየር ደግሞ 120 ቮልት ይፈልጋል፤ ያለ መቀነሻ ከተሰካ ይቃጠላል። መለዋወጫ በከተማዋ የማይገኝ ከሆነ አንድ ብልሽት መሣሪያውን ለወራት ሊያስቀምጠው ይችላል።

ባህላዊ መሣሪያ ተጫዋቾችም ዕድሉ አይዘጋባቸውም። እንደ ማሲንቆ ባለ አንድ ክር የሆነው እንዲንጊዲ እና ባለብዙ ክሩ አዱንጉ የእጅ ባለሙያዎች ሥራ ናቸው፤ ድምፃቸውን የሚያጎሉት ማይክሮፎኖች ግን ከፋብሪካ ይመጣሉ። ውሉ ሊገባ የሚችለው በእነዚህ ላይ ነው። የክራርና የማሲንቆ ተጫዋቾችም በዚሁ መንገድ ሊጠቀሙ ይችላሉ።

በወረቀት መስፈር ያለበት

በኡጋንዳ የ2010 የውል ሕግ መሠረት ዋጋው ከ500 ሺህ የኡጋንዳ ሽልንግ የሚበልጥ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት። በስልክ የተሰጠ ተስፋ ለክርክር አይበቃም።

በጥንቃቄ መነበብ ያለበት "የሌላ አምራች ዕቃ አልጠቀምም" የሚለው አንቀጽ ነው። በሠርግ፣ በሆቴልና በፌስቲቫል መድረኮች ከበሮውና አምፕሊፋየሩ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው በአዘጋጁ ነው። ሙዚቀኛው በዚያ ምሽት ያገኘውን ከመጫወት ሌላ አማራጭ የለውም። ስለዚህ በኪራይ ወይም በአዘጋጁ የቀረበ ዕቃ ከክልከላው ውጭ እንዲሆን መጠየቅ ተገቢ ነው። ክልከላውም በአንድ የዕቃ ዓይነት ብቻ ቢወሰን ይመረጣል፤ የጊታር ክር ውል የፈረመ ሰው በማይክሮፎን ምርጫው ሊታሰር አይገባም።

ምስሉ የት እና እስከ መቼ እንደሚውል፣ ቀረጡን ማን እንደሚከፍል፣ ውሉ ሲያበቃ ዕቃው የማን እንደሚሆን፣ ክርክር ቢነሳ በየትኛው አገር ፍርድ ቤት እንደሚታይም ሊሰፍር ይገባል።

ውሉን ማቆየት

ብዙ ውሎች በጠብ ሳይሆን በዝምታ ያበቃሉ። ኩባንያዎች የተከታይ ብዛትን ብቻ ሳይሆን ታማኝነትንም ይመዝናሉ። የዝግጅት መርሐ ግብሮችን አስቀድሞ መላክ፣ ጥራት ያላቸው ፎቶግራፎችንና ቪዲዮዎችን ማጋራት፣ በአልበም ላይ የአምራቹን ስም በትክክል መጥቀስ ግንኙነቱን ያጠብቃል። ጉድለት ሲገኝ በመጀመሪያ ለኩባንያው መናገር ያስከብራል። በቅናሽ የተገዛ ዕቃን አትርፎ መሸጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ውሉን ያፈርሳል።

ለተመልካችም ግልጽነት ይገባል። ወጣት ሙዚቀኞች የሚያደንቁት ሰው የያዘውን መሣሪያ ለመግዛት ቁጠባቸውን ሊያወጡ ይችላሉ። ምክሩ በውል የተሰጠ መሆኑን ማሳወቅ የሙዚቀኛውን ቃል ዋጋ አያሳንሰውም፤ በሌላ ቀን ሲናገር የሚታመነውም በዚሁ ነው።