ተመላላሽ መብራት

በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም የባሕር ፍጥረታትን በመስተዋት ገንዳ ውስጥ የሚያኖሩ ሰዎች «ላይት ሙቨር»፣ አንዳንዴም «ላይት ሬይል» የሚሉት መሣሪያ፣ ከገንዳው በላይ በተዘረጋ ሐዲድ ላይ በትንሽ ሞተር እየተጎተተ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ሲሄድና ሲመለስ የሚውል መብራት ነው፤ በአማርኛ የጸና ስም ስለሌለው በዚህ ጽሑፍ «ተመላላሽ መብራት» ብዬዋለሁ። «ተንቀሳቃሽ መብራት» ብንለው ሰሚው በእጅ የሚያዘውን ባትሪ ያስባል፤ «ተዘዋዋሪ» ብንለውም በክንድ ላይ ታስሮ ክብ እየሠራ ለሚዞረው ለሌላው ዐይነት የሚገባውን ስም እንነጥቀዋለን። «ላይት ሬይል» የሚለውን እንዳለ ብንወስደው ደግሞ የአዲስ አበባ ሰው በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን ቀላል ባቡር እንጂ የዓሣ ገንዳ አያስብም፤ የእንግሊዝኛው «ላይት» ብርሃኑንም ቀላሉንም በአንድ ቃል የሚጠራ ነውና። «ሰው ሠራሽ ፀሐይ» ማለትም ለጆሮ ያምር ነበር፤ ነገር ግን ኋላ እንደምናየው ስሙ ከግብሩ አይስማማም።

የመሣሪያውን ጥቅም ለመረዳት አስቀድሞ የኮራልን ጠባይ ማወቅ ያሻል። ኮራል ሲያዩት ዕፅ ወይም ድንጋይ ይመስላል እንጂ በነገዱ እንስሳ ነው፤ በአፋቸው ዙሪያ ቀጫጭን ክንዶች ያሏቸው ጥቃቅን አካላት ከባሕሩ ውሃ ኖራ እየሳቡ ከበታቻቸው የድንጋይ መኖሪያ እያነጹ በአንድነት የሚኖሩበት ማኅበር ነው። ይህ እንስሳ ሲሳዩን በማደን ብቻ አያገኝም፤ በሥጋው ሕዋሳት ውስጥ ለብቻቸው በዐይን የማይታዩ ቡናማ ረቂቃን ሕያዋን ያድራሉ፤ እነዚህንም የጀርመን ሊቅ ካርል ብራንት እ.ኤ.አ. በ1881 ዞዛንቴላ ብሎ ሰየማቸው። ዞዛንቴላ እንደ ቅጠል ብርሃንን ተቀብሎ ስኳርና ሌላውን ምግብ ይሠራል፤ ከሠራውም ብዙውን ላስጠጋው እንስሳ ያካፍላል፤ እንስሳውም በፈንታው ማደሪያና ከአካሉ የሚወጣውን ናይትሮጅን ይሰጠዋል። ስለዚህ ብርሃን ለኮራል ጌጥ ሳይሆን ሲሳይ ነው። የድንጋዩም ሕንጻ ቢሆን ከብርሃን ጋር የተያያዘ መሆኑን ቶማስ ጎሮ የተባለው ተመራማሪ በጃማይካ ባሕር መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ሥራው አሳይቷል፤ ኮራሉ በብርሃን ጊዜ ከጨለማው ይልቅ ፈጥኖ ይገነባልና።

በአውስትራሊያ በታውንስቪል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1987 የተከፈተው፣ 2.5 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ይይዝ የነበረው የኮራል ገንዳ፣ በላዩ ጣራ ስላልነበረው ይህን ሲሳይ በቀጥታ ከሰማይ ይቀበል ነበር። ከምድር ወገብ 52 ዲግሪ ወደ ሰሜን ርቃ በምትገኘው፣ በክረምት እምብርት ቀኗ 8 ሰዓት እንኳ በማይሞላው በበርሊን ግን ይህ ሊሆን አይችልምና፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ኮራልን በቤት ማኖር የለመዱት ጀርመናውያን ሜታል ሃላይድ የተባለውን፣ 250 ወይም 400 ዋት የሚበላውን ብርቱ አምፑል ከገንዳቸው በላይ ሰቀሉ። የዚህ አምፑል ጸዳል ከአንዲት ትንሽ ነጥብ የሚፈልቅ ስለሆነ፣ ከረጅሙ የፍሎረሰንት ዘንግ እንደሚወጣው ለስላሳ ብርሃን ሳይሆን፣ እንደ ፀሐይ ብርሃን በውሃው ገጽ ሞገድ እየተሰበረ በአሸዋው ላይ የሚጫወት የብርሃን መረብ ይዘረጋል። ዐይን ይህን መረብ ሲያይ ይደሰታል፤ ነገር ግን ከነጥብ የሚፈልቅ ብርሃን ጥላውም የዚያኑ ያህል የበረታ ነው።

በቀይ ባሕር የሚገኝ አክሮፖራ ሄምፕሪኺ የተባለ ባለ ቅርንጫፍ ኮራል አለ። ስሙ፣ ከእ.ኤ.አ. 1820 ጀምሮ ከባልንጀራው ከኤረንበርግ ጋር ግብጽንና የቀይ ባሕርን ዳርቻ ሲመረምር ቆይቶ በ1825 በምጽዋ በትኩሳት ሕመም ለሞተው ለጀርመናዊው ሄምፕሪኽ መታሰቢያ ነው፤ ኮራሉን በ1834 ባወጣው ጽሑፍ የገለጠው ኤረንበርግ ራሱ ነበርና። እንዲህ ያለውን ባለ ቅርንጫፍ ኮራል ከማይነቃነቅ አምፑል በታች አኑረው ጎንበስ ብለው ከጎኑ ቢመለከቱት፣ ወደ ላይ የወጡት ጫፎች በብርሃን ታጥበው ሲያበሩ፣ ከእነርሱ በታች ያሉት ቅርንጫፎች በወንድሞቻቸው ጥላ ተውጠው ያገኟቸዋል፤ ጥላውም ዛሬ ባረፈበት ስፍራ ነገም ከነገ ወዲያም ያርፋል። ኮራሉ በየዕለቱ ወደ ብርሃኑ ወገን ያድጋል፤ ባደገም ቁጥር በታቹን ይበልጥ ያጨልማል፤ በስተ ውስጥ ያለው ሥጋ ሲሳዩ እያነሰ ይሳሳል፤ በመጨረሻም ከቅርንጫፉ ሥር ነጩ አጥንት ይገለጣል። ገንዳውን በፊት ለፊት ብቻ የሚመለከት ሰው ይህን ሳያይ ብዙ ጊዜ ሊቆይ ይችላል፤ ጉዳቱ ከውስጥ ነውና።

በባሕር ውስጥ ይህ የማይሆንበት ምክንያት ፀሐይ የምትሄድ በመሆኗ ነው። የፀሐይ መመላለስ በእኛ ሊቃውንት ዘንድ እንግዳ ትምህርት አይደለም፤ መጽሐፈ ሄኖክ በምሥራቅ ስድስት፣ በምዕራብም ስድስት ኆኅት ቈጥሮ ፀሐይ እንደ ዓመቱ ክፍል በየትኛው ደጅ ወጥታ በየትኛው እንደምትገባ በሥርዐት ይተነትናል። በዕለቱም ውስጥ በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ስለምትጓዝ፣ ጧት በጥላ የነበረው የቅርንጫፍ ጎን ከቀትር በኋላ ድርሻውን ያገኛል። ከውሃ በታች ግን ይህ ጉዞ የሚታየው አጥሮ ነው፤ ብርሃን ከአየር ወደ ውሃ ሲገባ ስለሚሰበር፣ በረጋ ባሕር ሥር ያለ ዓሣ ፀሐይን ልክ ከራሱ በላይ ካለው ነጥብ ከ49 ዲግሪ በበለጠ ዘንበል ብላ አያያትም፤ ለእኛ ከአድማስ እስከ አድማስ 180 ዲግሪ የሆነው መንገድ ለእርሱ ከ100 ዲግሪ ያንሳል። ይህ ለመሣሪያው ሠሪ መልካም ዜና ነው፤ አምፑሉ የፀሐይን ሥራ ለመሥራት ገንዳውን በጎንና በጎን ዞሮ መውረድ አያሻውም፤ በላዩ በአግድም መሄድ ይበቃዋል።

ታዲያ መሣሪያው ፀሐይን ይመስላል ማለት ነውን? አይደለም። ሞተሩ በደቂቃ ግማሽ ሜትር ቢጓዝና ሐዲዱ አንድ ሜትር ከሃያ ቢሆን፣ አምፑሉ ደርሶ መልስ የሚፈጅበት ጊዜ 5 ደቂቃ አይሞላም፤ ይህችም በአንድ ዕለት ከመቶ ጊዜ በላይ የምትወጣና የምትገባ ፀሐይ ትሆናለች። የሞገዱም መረብ ቢሆን በአንድ ሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ የሚበራና የሚደበዝዝ ስለሆነ መሣሪያው የእርሱ አምሳያ ነው ለማለት አይቻልም፤ መረቡን የሚሠራው የውሃው ገጽ እንጂ ሐዲዱ አይደለም። በደቂቃዎች ልክ ብርሃኑ እየጠነከረ እየደከመ መሄዱ በተፈጥሮ ውስጥ አንድ ነገር ቢመስል የሚመስለው ደመና በፀሐይ ፊት ሲያልፍ ነው። ከዚህ የተነሣ «ሰው ሠራሽ ፀሐይ» የሚለውን ስም ትቼዋለሁ። የሞተሩን ፍጥነት በባለ ጥርስ ጎማ አሳንሶ አምፑሉን በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያስኬድ ቢኖር ግን የእርሱ መሣሪያ ለዚህ ስም የተገባ ነው፤ ያን ጊዜ ጥላዎቹ በአሸዋው ላይ በውነተኛ ሰዓት ልክ ይሄዳሉ።

የመሣሪያው አካል ቀላል ነው። መሠረቱ ከጣራ ወይም ከገንዳው ክፈፍ ላይ የተሰቀለ የአሉሚኒየም ሐዲድ ነው፤ በላዩ ሞተሩን የያዘ ትንሽ ባለ ጎማ ጋሪ ይሄዳል፤ ከጋሪው አምፑሉና ብርሃኑን ወደ ታች የሚመልሰው አንጸባራቂ ክዳን በሰንሰለት ይንጠለጠላሉ። ጋሪው ጫፍ ደርሶ ማገጃውን ሲነካ በውስጡ ያለ ማብሪያ ይገለበጥና ጉዞው ወደ መጣበት ይመለሳል፤ በአንዳንዱ ላይ ከመመለሱ በፊት ጥቂት እንዲቆይ የሚያደርግ መቈጣጠሪያ አለ፤ ይኸውም መካከሉ በሄደም በመጣም ጊዜ ሲበራለት ጫፎቹ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚያገኙ ድርሻቸውን ለማስተካከል ነው። ሥራው የተለመደው በመጀመሪያ በቤት ውስጥ አትክልት በሚያበቅሉ ሰዎች ዘንድ ሲሆን፣ የኮራል ወዳጆችም ከእነርሱ ወሰዱት።

ከአትክልተኞቹ ጋር አብሮ የመጣ አንድ የንግድ ቃል ግን መመርመር ይገባዋል፤ ይኸውም አንድ አምፑል ቢመላለስ የሁለትና የሦስት አምፑል ሥራ ይሠራል የሚለው ነው። አንድ እንጀራ ለሦስት ቢቈረስ እንጀራው ሦስት አይሆንም። ነገሩን በቍጥር ለማየት፣ ርዝመቱ 180 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳና 60 ሳንቲ ሜትሩን ብቻ አጥርቶ የሚያበራ አንድ አምፑል እንውሰድ፤ በዚያም ክፍል በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በየሰከንዱ የሚወርደው ለዕፅዋት የሚጠቅም ብርሃን 400 ማይክሮሞል ይሁን፤ በምድር ወገብ አካባቢ በጠራ ቀትር ከባሕሩ ገጽ በላይ ያለው ወደ 2,000 የሚጠጋ መሆኑን እያስታወስን። አምፑሉ ቆሞ ለ10 ሰዓት ቢያበራ ያ ክፍል በቀን 14.4 ሞል ያገኛል፤ የቀረው ገንዳ ግን በጨለማ ይቀራል ለማለት ጥቂት ይቀረዋል። ቢመላለስ እያንዳንዱ ስፍራ በአማካይ ከጊዜው ሲሶውን ብቻ ስለሚያገኝ ድርሻው 4.8 ሞል ይሆናል። ድምሩ ያው ነው።

«ኮራል ከአንድ መጠን በላይ ያለውን ብርሃን አይጠቀምበትምና ትርፉን ለሌላው ማካፈል ጥቅም ነው» የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል፤ ግማሹም እውነት ነው። ዞዛንቴላ በብርሃን የሚጠግብበት ልክ አለው፤ ከዚያ በላይ የወረደበትን በሙቀት መልክ ያባክነዋል፤ እጅግ ሲበዛበትም ይጎዳል። ጥጋቡ 200 ማይክሮሞል ላይ ቢሆን፣ በቆመው አምፑል ሥር ከ400ው እኩሌታው በከንቱ ይፈስሳል ማለት ነው። ነገር ግን አምፑሉ ቀስ እያለ ሲመላለስም፣ ከኮራሉ በላይ በደረሰ ጊዜ የሚያወርድበት ያንኑ 400 ነውና፣ እኩሌታው ያን ጊዜም ይባክናል፤ የተለወጠው የሚባክንበት ቦታ ብቻ ነው። ይህን ትርፍ መሰብሰብ የሚሻ ሰው አምፑሉን ከፍ አድርጎ ቢሰቅለው፣ ምንም እንኳ ከብርሃኑ ከፊሉ ከገንዳው ውጭ ቢወድቅ፣ የቀረው ሰፍቶና ሳስቶ ለሁሉም በሚበቃ መጠን ይዳረሳል። ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ በቁጠባ ስም ተመላላሽ መብራት የሚገዛ ሰው ተታሏል፤ ስለ ጥላ ብሎ የሚገዛው ግን አንድ የቆመ አምፑል የማይሰጠውን ይገዛል፤ ከፍ ብሎ የቆመ አምፑልም ቢሆን የቅርንጫፉን ሥር ከጎን አያበራለትምና። እንደ ጠረጴዛ ጠፍጥፈው የሚያድጉትን ኮራሎች ብቻ ለሚያኖር ሰውም ቢሆን ወጪው አያስፈልግም።

የባሕር ውሃ ገንዳ ለማንኛውም ተንቀሳቃሽ ብረት ጠላት መሆኑ አይረሳ። በአየር አረፋ የሚፈነጥቀው ውሃ ሲደርቅ በሐዲዱ ላይ ነጭ የጨው ቅርፊት ይጋግራል፤ ጎማው በቅርፊቱ ላይ ሲሄድ ይንቀጠቀጣል፤ ቆይቶም ይቆማል። ሞተሩ ቆሞ አምፑሉ እንደ በራ ከቀረ፣ ቀድሞ ለሁሉም የሚከፋፈለው ብርሃንና ሙቀት በአንድ ኮራል ላይ ብቻ ይወርዳል። የኤሌክትሪኩ ገመድ ከአምፑሉ ጋር ቀኑን ሙሉ ስለሚተጣጠፍ ቶሎ የማይሰበር ለስላሳ ዐይነት መሆን አለበት፤ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱም በፊት ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ መታጠፍ ይገባዋል፤ ይኸውም በገመዱ ላይ የሚንሸራተት የውሃ ጠብታ ከእጥፋቱ ላይ እንዲወድቅ ነው። በጋለ ሜታል ሃላይድ አምፑል ላይ አንዲት ቀዝቃዛ ጠብታ ብትወድቅ ብርጭቆው ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ሁለት ጫፍ ያለው ዐይነት ደግሞ ጎጂውን ጨረር የሚያስቀር መከለያ በራሱ ስለሌለው ከፊቱ መስተዋት ሳይደረግ ሊበራ አይገባም።

ዛሬ ኤልኢዲ ሜታል ሃላይድን ከብዙ ቤት አስወጥቶታል፤ ከእርሱም ጋር ሐዲዱ እየቀረ ነው። በገንዳው ርዝመት ተደርድረው የቆሙ የኤልኢዲ መብራቶች በተራ እየበሩና እየደበዘዙ ጧት ከአንዱ ጫፍ፣ ማታ ከሌላው ጫፍ ብርሃን እንዲመጣ ማድረግ ይቻላል፤ በዚህ ጊዜ የሚሄደው ብርሃኑ እንጂ መብራቱ አይደለም። ስለዚህ በሐዲድ ለሚሄደው «ተመላላሽ መብራት»፣ ለዚህኛው ደግሞ «ተመላላሽ ብርሃን» ማለት ይበጃል። በለንደን የሆርኒማን ሙዚየም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ሥራ የቀኑን ርዝመት፣ የጨረቃውን ብርሃንና የውሃውን ሙቀት በዓመቱ ዑደት እየለዋወጡ ኮራሎች በገንዳ ውስጥ ዘራቸውን እንዲያወጡ ማድረጋቸውን ገልጸዋል፤ እንዲህ ያለው በጊዜ እንጂ በስፍራ የማይዘዋወር ስለሆነ «ተለዋዋጭ ብርሃን» ቢባል ከሁለቱ ይለያል። ሻጭ ሦስቱን በአንድ ስም ቢጠራበት፣ ገዢው አምፑሉን ጥቂት ደቂቃ በዐይኑ ተከትሎ ከቦታው መነሣቱን ቢያይ የመጀመሪያውን ለመለየት ይበቃዋል፤ የቀሩትን ሁለቱን ለመለየት ግን በአሸዋው ላይ ያለው ጥላ ከጧት እስከ ማታ ወገኑን መለወጡን መመልከት ያስፈልገዋል።